አራት ቅዳሜ በደሴ፦ ስለ ወታደርና ኅሊና የሚሰጠው ሥልጠና እንዴት ነበር?

ብዙ ሰው ስለጠየቀኝ አንድ ላይ ልጻፈው። ደሴ ላይ አራት ቅዳሜ የሚሰጠውን ሥልጠና ጨርሻለሁ። ነገሩ ግዳጅ ላይ ያለ ወታደር ትክክልና ስህተት የሆነውን እንዴት እንደሚወስን፣ ለምን እንደሚሳሳት፣ ከተሳሳተ በኋላም ውስጡ ምን እንደሚሆን ነው። ለቸኮለ ሰው አጭሩ መልስ፦ ሂዱ። ግዳጅ የወጣችሁ ሂዱ፣ ልትወጡ የተዘጋጃችሁም ሂዱ፣ ቤታችሁ ውስጥ ከግዳጅ ተመልሶ ዝም ያለ ሰው ካለም ይዛችሁት ሂዱ። ጉድለት አለበት፤ እሱንም እነግራችኋለሁ።

በምን ዓይን እንዳየሁት እንድታውቁ ስለራሴ ትንሽ ልበል። ሃምሳ አለቃ ነበርኩ። ከአገር ውጭ ሰላም ማስከበር ወጥቻለሁ። የትኛው አገር እንደሆነ አልጠራም፤ የምናገረው የራሴን ጥፋት ነውና ሌላ ሰው ላይ እንዲያርፍ አልፈልግም። አሁን ኮምቦልቻ ነው የምኖረው፣ ትንሽ የብረታ ብረት ሱቅ አለችኝ።

ሥልጠናውን የሚሰጡት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንድ የሥነ ልቦና መምህር፣ አንድ ጡረታ የወጡ የሕግ ሰው እና አንዲት ነርስ። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም። ቦታው ፒያሳ አካባቢ ፎቅ ላይ ያለ አዳራሽ ነው። ክፍያው ለአራቱም ቅዳሜ 300 ብር ነው፤ ምሳና ቡና ይጨምራል። እኛ 22 ነበርን። ጡረታ የወጣ አለ፣ ለእረፍት የመጣ ወጣት አለ፣ ሁለት እናቶች፣ አንዲት ሚስት፣ ልጃቸው ወታደር የሆነ አንድ አዛውንት ሼህም ነበሩ። ከኮምቦልቻ የምትመጡ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል በፊት ሚኒባስ ያዙ። ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ ሹፌሩ ቀስ ስለሚል በሁለተኛው ቅዳሜ ግማሽ ሰዓት አርፍጃለሁ። ጃኬትም አትርሱ፤ አዳራሹ ይበርዳል።

የመጀመሪያው ቀን ንግግር ይኖራል ብዬ ነበር የሄድኩት። እንደተቀመጥን ግን አንዳንድ ወረቀት አደሉን። ወረቀቱ «ምን አደረግህ?» አይልም። «አሁንም ድረስ የምታስበውን አንድ ቀን በልብህ ያዝ፤ የዚያን ቀን ነገር ግን አትጻፍ፤ ከዚያ በፊት የነበሩትን ሦስት ቀናት ጻፍ» ነው የሚለው። ስንት ሰዓት ተኛህ? ምን በላህ? ከጓዶችህ ማን ተጎዳ? አለቃህ መጨረሻ ላይ የነገረህ ቃል ምንድን ነው? ስለ አካባቢው ሰው ካምፕ ውስጥ ምን ይባል ነበር?

እኔ የያዝኩትን ቀን ልንገራችሁ፤ አለበለዚያ ይህ ወረቀት ምን እንዳደረገልኝ አይገባችሁም።

ኬላ ላይ ነበርን። የጓድ መሪው እኔ ነኝ። ከቀትር በኋላ አንድ ሽማግሌ አህያ እየነዳ መጣ። አህያው ላይ አራት ጀሪካን ውሃ ተጭኗል። ቋንቋውን አንሰማም፣ አስተርጓሚውም አልነበረም። ከማዛቸው ወታደሮች አንዱ፣ በጣም የምወደው ልጅ ነው፣ ሽማግሌውን አስቆመና ጀሪካኖቹን እየከፈተ ተራ በተራ አሸዋው ላይ ደፋቸው። አራቱንም። ሽማግሌው እጁን ሲዘረጋ ትከሻውን በሰደፍ መታው። እኔ አምስት ሜትር ያህል ርቄ ቆሜያለሁ። አየሁ። ምንም አላልኩም። ሽማግሌው ባዶ ጀሪካኖቹን ለቃቅሞ ጫነና በመጣበት ተመለሰ። ውሃው የሚቀዳበት ቦታ የግማሽ ቀን መንገድ እንደሆነ አውቅ ነበር።

ማንም አልሞተም። ሪፖርት ላይም አልገባም። እኔ ግን ለዓመታት ማታ ማታ የሚመጣብኝ ያ ነው። የማነሳው ጥያቄም ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ? እናቴ ውሃ የጠየቃትን መንገደኛ እንጀራ ሳታቀምስ የማትሸኝ ሴት ነበረች። እሷ ያሳደገችው ልጅ እንዴት ቆሞ ያያል?

ወረቀቱን ስሞላ ሌላ ነገር ወጣ። በሦስቱ ቀናት የተኛሁት ተደምሮ ዘጠኝ ሰዓት አይሞላም። ከሁለት ቀን በፊት አንድ ልጃችን በፈንጂ እግሩን አጥቷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ «እነዚህ ሁሉም አንድ ናቸው» የሚለው ወሬ ካምፕ ውስጥ እንደ ሰላምታ ሆኗል። እኔም ብዬዋለሁ። ጠዋት ስንሰማራ የተነገረን «ማንንም እንዳታምኑ» ብቻ ነው። እኔም ለልጆቼ የጨመርኩላቸው ቃል የለም። ሽማግሌው ኬላው ላይ ሲደርስ ነገሩ ከሞላ ጎደል አልቋል።

መምህሩ ይህን ሰምቶ ወዲያው አላጽናናኝም፤ ለዚህም አመሰግነዋለሁ። «ምክንያቱን ማወቅ ሌላ፣ ሰበብ ማቅረብ ሌላ» አለና ከዚያ በኋላ ነው ጥናት ያመጣው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣ ነው። አሜሪካ ፕሪንስተን ውስጥ 40 የነገረ መለኮት ተማሪዎችን ንግግር እንዲያደርጉ ወደ ሌላ ሕንጻ ላኳቸው። ግማሾቹ የሚናገሩት ስለ ደጉ ሳምራዊ ነው። መንገዳቸው ላይ አንድ ሰው ተጎሳቁሎ፣ እያሳለ ቁጭ ብሏል፤ አስመስሎ ነው እንጂ አልታመመም። ጊዜ አላችሁ ከተባሉት 63 በመቶው ቆመው ረዱት። ዘግይታችኋል፣ ፍጠኑ ከተባሉት የረዱት 10 በመቶ ብቻ ናቸው። የወደቀን ስለማንሳት ሊያስተምር የሚሮጥ ሰው የወደቀውን አልፎ ሄደ። ሁሉም ያንኑ መጽሐፍ ነው የተማሩት። የለያቸው ጥድፊያው ነው።

ሌላው ስለ እንቅልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ላይ 26 በሥራ ላይ ያሉ ወታደሮች ለ53 ሰዓት ሳይተኙ ቆዩ። ከዚያ ስሜት የሚነካ የኅሊና ጥያቄ ሲቀርብላቸው ለመወሰን ከወትሮው ረዘም ያለ ጊዜ ወሰደባቸው። ኬላ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ የለማ! አራት ጀሪካን ለመድፋት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ይህን ስሰማ ደነገጥኩ። ያኔ ጨካኝ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር አእምሮዬ ገና «ይሄ ልክ አይደለም» እስኪል ድረስ ውሃው ፈሶ አልቋል። ከዚያ በኋላ ደግሞ «አሁን ብናገር ምን ዋጋ አለው» አልኩ። ሁለተኛው ዝምታ የኔ ነው። ለእሱ እንቅልፍ አላሳብብም።

ሁለተኛው ቅዳሜ ከአራቱም ደካማው ነበር። ጠዋቱን ሙሉ ስላይድ ሲነበብልን ዋለ። መሐል ላይ መብራት ሄደ፣ እኔ ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም የሕግ ባለሙያው አዛውንት ያኔ ነው ወረቀቱን አስቀምጠው በቃላቸው ማስረዳት የጀመሩት። ኢትዮጵያ አራቱን የጄኔቫ ስምምነቶች እ.ኤ.አ. በ1969 እንዳጸደቀች ነገሩን። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 270 በጦርነት ጊዜ ሲቪል ሕዝብ ላይ የሚፈጸም ወንጀልን የሚመለከት ነው። ለእረፍት የመጣው ወጣት «ጋሼ፣ ከታዘዝኩስ?» ብሎ ጠየቀ። ሁላችንም ቀና አልን። እሳቸውም አንቀጽ 74ን አስረዱት። ትእዛዙ ሕገወጥ መሆኑን እያወቀ የፈጸመ የበታች ሰው ይጠየቃል፤ ትእዛዝ ነው ማለት ብቻውን አያድንም። ልጁ ዝም አለ። ቆይቶ «ይሄን ከዚህ በፊት ማን ነገረኝ?» አለ። ለማንም አልነበረም የሚናገረው።

ደሴም ተነሳች። እሳቸው ናቸው ያነሱት። በ1928 ዓ.ም. ኅዳር የጣሊያን አውሮፕላኖች ይህችን ከተማ ደበደቡ፤ ንጉሠ ነገሥቱም እዚሁ ነበሩ። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል ጭምር ተመታ። «አብራሪው ከላይ ሆኖ ምን አየ? ምን ብሎ ቦምቡን ለቀቀ?» ብለው ጠየቁን። የሁላችንም ልብ ወዲያው ከታች ካሉት ጋር ሆነ። ከዚያ «እናንተስ ከላይ የነበራችሁበት ቀን የለም?» አሉ። እኔ መልስ አልነበረኝም።

ከሰዓት በኋላ ቃላት ላይ የሠራነው ግን ጠዋቱን ካሰልን። ሰሌዳ ላይ ግዳጅ ላይ የምንጠቀምባቸውን ቃላት እንድንጽፍ ተደረገ። «አጸዳን»፣ «ደመሰስን»፣ «አሰስን»። አንድ ሰው «ሰው» የሚለው ቃል ሰሌዳው ላይ አንድም ቦታ እንደሌለ አስተዋለ። አልበርት ባንዱራ የሚባል የሥነ ልቦና ምሁር ሰው ኅሊናውን እንዴት እንደሚያስተኛ ሲያጠና መንገዶቹን ለያይቶ አስቀምጧል፤ የተሸፈነ ቃል መጠቀም አንዱ ነው፣ ኃላፊነትን ወደ አለቃ ማሳለፍ ሌላው፣ ተጎጂውን ከሰው በታች ማየት ደግሞ ሌላው። እኔ ጀሪካኑን ለራሴ ምን ብዬ እንደምጠራው አሰብኩ። ለዓመታት «ፍተሻው» ነበር የምለው። ፍተሻ አልነበረም። የሰው ውሃ መድፋት ነበር።

ስለ ምሳው ልጨምር፤ አስተያየት ሲጻፍ ምግብ አይረሳም። ሽሮ፣ ጎመን፣ ምስር። ሥጋ የለም። ሆን ተብሎ ነው። ሥጋ ቢኖር ሙስሊሙ ለብቻ፣ ክርስቲያኑ ለብቻ ይቀመጥ ነበር፤ ሽሮው ሁላችንንም አንድ ትሪ ላይ አስቀመጠን። ወሎ ውስጥ ይህን ማንም አያስተምራችሁም፣ ግን ያሰበበትን ሰው ማመስገን ተገቢ ነው። ቡናው ደግሞ በወጉ ነው፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ዕጣኑ ይጨሳል። ከአራቱ ቅዳሜዎች ትልልቁ ነገር የተነገረው ማይክራፎን ላይ ሳይሆን በረካ ላይ ነው። እናንተም ስትሄዱ ቡናውን ትታችሁ ለትራንስፖርት እንዳትቸኩሉ።

ሦስተኛው ቅዳሜ። ለዚህ ቀን ብቻ 300 ብሩን ሁለት ጊዜ እከፍላለሁ።

ጠዋት ሚልግራም የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ያደረገውን ሙከራ አስረዱን። እ.ኤ.አ. በ1961 ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተጀመረ ነው። ተራ ሰዎችን ጠርተው ሌላ ክፍል ያለ ሰው በተሳሳተ ቁጥር በኤሌክትሪክ እንዲመቱት ያዟቸዋል። ኤሌክትሪኩ እውነት አይደለም፣ እነሱ ግን አያውቁም። በታወቀው ሙከራ ከ40 ሰዎች 26ቱ እስከ መጨረሻው፣ እስከ 450 ቮልት ሄዱ። ይህን ብዙ ሰው ሰምቶታል። እኔም ሰምቼው ነበር፣ ሰው ክፉ ነው ብዬ ነው ያለፍኩት። ያልሰማሁት ሌላውን ነው። ሚልግራም ሙከራውን እየለዋወጠ ብዙ ጊዜ ደግሞታል። በአንደኛው ምታ ተብሎ ከታዘዘው ሰው ጎን ሁለት ሌሎች ሰዎች አስቀመጠ። ሁለቱ መሐል ላይ «እኛ አንቀጥልም» ብለው ተነሱ። ያኔ እስከ መጨረሻ የሄዱት ከ40ው 4 ብቻ ሆኑ።

26 የነበረው 4። አስቡት። የሰዎቹ ልብ አልተለወጠም፣ ትእዛዙም አልተለወጠም። ጎናቸው ያለ ሰው አፉን ከፈተ፣ ያ ብቻ ነው። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፣ ከዚያ ቀና አልኩና መቀጠል አቃተኝ። ያ ኬላ ላይ ስድስት ነበርን። ከስድስቱ አፉን መክፈት የነበረበት ሰው የጓድ መሪው ነው።

ከዚያ ስለ ሂዩ ቶምሰን አወሩ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 16 ቀን 1968 ቬትናም ውስጥ ማይ ላይ በሚባል ቦታ የአሜሪካ ወታደሮች ሴትና ሕፃን ሳይለዩ ሲገድሉ ሄሊኮፕተሩን በራሱ ወገን ወታደሮችና በገበሬዎቹ መካከል ያሳረፈ አብራሪ ነው። የራሱ ወገኖች ሰዎቹ ላይ ቢተኩሱ መልሰው እንዲተኩሱባቸው ለጓደኞቹ ነግሯቸው ወረደ። ሜዳልያ የተሰጠው ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1998 ነው። መምህሩ እንደ ጀግና ነው ያቀረበው፤ ጀግናም ነው። እኔ ግን እጄን አውጥቼ ተቃወምኩ። እንዲህ ያለ ታሪክ ብቻውን ሲነገር ተራ ወታደርን ያሳንሰዋል። «እኔ ቶምሰን አይደለሁም» ብሎ ይቀመጣል። እኔ ዓይኔ የገባው ሌላ ነገር ነው፦ ቶምሰን ብቻውን አልነበረም። ሎውረንስ ኮልበርንና ግሌን አንድሬዮታ አብረውት ነበሩ። ሲወርድ ከኋላው ማን እንዳለ ያውቃል። የሚያስፈልገን ጀግና መጠበቅ ሳይሆን ከኋላ የሚቆም ሁለት ሰው ቀድሞ ማዘጋጀት ነው። መምህሩ «እሺ፣ ይህን በሚቀጥለው ዙር አስገባዋለሁ» አለ። ጥሩ አድማጭ ነው።

ከሰዓት ልምምድ ነበር። ሁለት ሁለት ሆነን እንቆማለን። አንዱ ጥፋት ሊሠራ ነው፣ ሌላው በአሥር ሴኮንድ ውስጥ ማስቆም አለበት። ምክር አይፈቀድም፣ ስብከት አይፈቀድም። አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ድምፅ ወጥቶ፣ ስም ተጠርቶ። መጀመሪያ ላይ ሁላችንም አፈርን። የ50 ዓመት ሰው ቆሞ «አቁም» ማለት አቃተው። እኔም ሦስት ጊዜ ወድቄያለሁ፤ አፌ ይከፈታል፣ ቃሉ አይመጣም። በአራተኛው መጣ፦ «እገሌ፣ ተው፣ የምጠየቀው እኔ ነኝ።» አሥር ጊዜ አስደገሙኝ። ይህ ዓረፍተ ነገር ያን ቀን አፌ ላይ ቢኖር ኖሮ ሽማግሌው ውሃውን ይዞ ቤቱ ይገባ ነበር። ለተኩስ ስንት ወር ሠልጥነናል? መሣሪያ ዓይናችንን ጨፍነን እንፈታለን፣ እንገጥማለን። «ተው» ለማለት ግን አንድም ቀን አልሠለጠንም።

ይህ የኔ ስሜት ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 ኢራቅ የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች ስማቸውን ሳይጽፉ መጠይቅ ሞልተው ነበር። ሲቪሎች በክብር መያዝ አለባቸው በሚለው የተስማሙት ከምድር ጦሩ 47 በመቶ፣ ማሪን ከሚባለው ከባሕር ወለዱ ጦር 38 በመቶ ናቸው። ጓዴ ንጹሕ ሰው ቢያቆስል ወይም ቢገድል አጋልጠዋለሁ ያሉት 55 እና 40 በመቶ። ቁጣቸው ከፍ ያለው ሲቪሎችን የማንገላታት ዕድላቸው ወደ እጥፍ ይጠጋል። ከምድር ጦሩ 28 በመቶው፣ ከባሕር ወለዱ 31 በመቶው ደግሞ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ያላወቁበት የኅሊና ፈተና ገጥሟቸዋል፤ በቂ ትምህርት ተሰጥቶናል እያሉ ነው ይህን የሚሉት። ዓለም አቀፉ ቀይ መስቀልም እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ጥናት ሕጉን ማወቅና ማመን ብቻውን ተዋጊን እንደማይገታ ጽፏል፤ ግልጽ ትእዛዝ፣ ልምምድና የማይቀር ቅጣት ያስፈልጋል።

የሥልጠናው ትልቁ ጉድለትም እዚህ ላይ ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት ኢራቅ የነበሩ ወታደሮች ገና ግዳጅ ላይ እያሉ ስለ ጦር ሜዳ ሥነ ምግባር ተወያይተዋል። ያወያዩአቸው ከውጭ የመጡ አስተማሪዎች አይደሉም፣ የራሳቸው አለቆች ናቸው። ከዚያ በኋላ ጥፋቱ ቀነሰ፣ ጥፋትን ለማሳወቅ ያላቸው ፈቃደኝነትም ጨመረ። እኛ ጋ ከ22 ሰው በሥልጣን ላይ ያለ አንድም አዛዥ አልነበረም። «ማንንም እንዳታምኑ» ብሎ የሚያሰማራው ሰው ካልመጣ፣ ለእረፍት የመጣው ልጅ የተማረውን ይዞ ወዴት ይሄዳል? ብቻውን «ተው» ሊል ነው? አዘጋጆቹ ጋብዘው እንደነበር ነግረውኛል። ደጋግመው ይጋብዙ። ወንበሩን በስማቸው ያስቀምጡ።

አራተኛው ቅዳሜ ከግዳጅ በኋላ ስላለው ሕይወት ነበር። ጆናታን ሼይ የተባለ የቬትናም ዘማቾችን ያከም የነበረ ሐኪም ወታደርን ከፍርሃት በተለየ የሚጎዳ ቁስል እንዳለ አስተዋለ። ሥልጣን ያለው ሰው ከባድ ነገር ላይ ትክክል የሆነውን ሲክድ የሚመጣ ቁስል። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ብሬት ሊትዝና ባልደረቦቹ አሰፉት፤ ራስህ ስታደርገው ብቻ ሳይሆን ማስቆም እየቻልክ ሳታስቆም ስትቀርና ቆመህ ስታይም ያቆስላል። «ቆመህ ስታይ» ሲባል ነርሷ አየችኝ።

የሥልጠናው ወረቀት ላይ የዚህ ቁስል ስም የተተረጎመበት ቃል ግን ይስተካከል፤ በጣም እለምናለሁ። «የሞራል ጉዳት» ብለውታል። ወታደር ጋ ሞራል ማለት ወኔ ነው። አንዱ ጡረተኛ ከልቡ «የኛ ሞራል እኮ እስከ መጨረሻው ጥሩ ነበር» አለ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳንግባባ ቆየን። «የኅሊና ቁስል» ቢሉት ማንም ወዲያው ይገባዋል። ሼሁ ደግሞ «ግፍ ነው፤ ግፍ ያየም የሠራም እንቅልፍ የለውም» አሉ። እሱም ይበቃል።

ለቤተሰብ የተሰጠው ጊዜ አንድ ሰዓት ብቻ ነበር፤ ያንሳል። አንዷ እናት «ልጄ ከመጣ ጀምሮ ከብቶቹን ሲጮህባቸው እሰማለሁ፣ እኔን ግን አያናግረኝም» ብላ ስትጀምር ጊዜ አለቀ ተባለ። ይህ ትክክል አይደለም። ነርሷ በኋላ ለብቻዋ ወስዳ አነጋግራታለች፣ «አብሽሪ፣ ብቻሽን አይደለሽም» ስትላት ሰምቻለሁ። ግን ፕሮግራሙ ውስጥ መግባት ነበረበት። ለብቻ የሚያወሩበት ክፍልም የለም። እንቅልፍ ያጣ፣ ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ሰው ደግሞ ይህን ሥልጠና አይጠብቅ፤ ቀድሞ ሐኪም ጋ ይሂድ። አዘጋጆቹም በመጀመሪያው ቀን ይህን ተናግረዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ሁላችንም እየጠበቅን ሳይነሳ ቀረ። ወሎ ላይ ደም ሲፈስ ምን እንደሚደረግ እናውቃለን። አበጋሮች፣ ደም የሚያደርቁት አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ ይነሳሉ። ሼሁም ቄሱም አብረው ይቀመጣሉ። ያጠፋው ወገን ይለምናል፣ የተጎዳው ወገን ይለመናል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ደም ይደርቃል። ሥልጠናው ደሴ ላይ እየተሰጠ ስለዚህ አንድ ገጽ የለውም። ይህን አንስቼ ነበር። መምህሩ ማስታወሻ ያዘ። ግን ራሴው ያነሳሁት ነገር ራሴን ያዘኝ። አበጋር የሚላከው ወደታወቀ ቤት ነው። የኔ ሽማግሌ ስሙን አላውቅም። መንደሩን አላውቅም። በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። ሽማግሌ ብልክ ወዴት እልካለሁ?

ይህን በረካ ላይ ለሼሁ አጫወትኳቸው። ብዙ ዝም አሉ። ሲኒያቸውን ካስቀመጡ በኋላ «ልጄ፣ የደፋችሁት ውሃ ነው አይደል? እንግዲያ ውሃ ቅዳ» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ሱቄ በር ላይ ውሃ አስቀምጣለሁ። የኮምቦልቻን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ተሸካሚው፣ ተማሪው፣ የባጃጅ ሹፌሩ ቆሞ ይጠጣል። ለምን እንዳስቀመጥኩት የጠየቀኝ የለም።

የሚቀጥለው ዙር ከገና በኋላ ይጀመራል ብለውኛል። መመዝገብ የምትፈልጉ እኔን ጠይቁኝ፣ አገናኛችኋለሁ። እኔ አንድ ሰው አስመዝግቤያለሁ። ጀሪካኖቹን የደፋው ልጅ አሁን ወልድያ ነው ያለው። ስለዚያ ቀን ከዚያ ወዲህ አውርተን አናውቅም። ባለፈው ሳምንት ደወልኩለትና «ያን ቀን ማስቆም የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፣ ብቻህን ተውኩህ» አልኩት። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ «አለህ?» አልኩ። ቆይቶ «አለሁ አለቃ» አለ። ከዚያ ከወልድያ በጠዋት የሚነሳው መኪና ስንት ሰዓት ላይ ደሴ እንደሚገባ ጠየቀኝ።